ንግሥት እሌኒ

ንግሥት እሌኒ (በቤተ መንግሥት ስማቸው ዣን ዘላ፤ ያረፉት በ1522) በ15ኛውና በ16ኛው ክፍለ ዘመን የኖሩ የኢትዮጵያ ንግሥትና በአፄ ልብነ ድንግል ልጅነት መንግሥቱን የመሩ እንደራሴ ናቸው። የሐዲያው ገዥ የገራድ መሐመድ ልጅ ሲሆኑ ከአፄ ዘርዓ ያዕቆብ እስከ አፄ ልብነ ድንግል ድረስ ስድስት ነገሥታት ሲፈራረቁ በቤተ መንግሥቱ ቆይተዋል። ለፖርቱጋል ንጉሥ በ1509 በተላከው ደብዳቤ፣ በጎጃም ባሠሩት የመርጡለ ማርያም ቤተ ክርስቲያንና በስማቸው በሚጠሩ ሁለት የሃይማኖት ድርሰቶች ይታወቃሉ። ድርሰቶቹና ደብዳቤው በእርግጥ የማን ናቸው የሚለው ጥያቄ የታሪክ ተመራማሪዎችን ሲያነጋግር ኖሯል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

የትውልድ አገር

እሌኒ የተወለዱበት ሐዲያ ዛሬ በሆሳዕና ዙሪያ ካለው የሐዲያ ዞን በስፋቱም በአቀማመጡም የተለየ ነበር። ጀርመናዊው ተመራማሪ ኡልሪሽ ብራውኬምፐር በ1980 ባሳተመው የሐዲያ ታሪክ እንዳሳየው፣ የጥንቱ ሐዲያ ወደ ምሥራቅ እስከ አርሲና ባሌ አዋሳኝ ይደርስ ነበር፤ ሕዝቡ ዛሬ ወደሚኖርበት ቦታ የተሰባሰበው ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጦርነቶችና ፍልሰቶች በኋላ ነው። በዚያ መንግሥት ሥር የነበሩ ሕዝቦች ዘሮች ዛሬ ሁሉም ሐዲይኛ አይናገሩም። ከፊሎቹ በአላባ፣ በቀቤና፣ በስልጤና በአርሲ ሕዝብ ውስጥ ይገኛሉ።

በ14ኛው ክፍለ ዘመን የኢትዮጵያን እስላማዊ ግዛቶች የዘረዘረው ዐረባዊ ጸሐፊ አል ዑመሪ ከሰባቱ ሁሉ በጦር ኃይል የሚበረታው ሐዲያ መሆኑን ጽፏል። በእሱ አቆጣጠር የሐዲያ ገዥ 40,000 ፈረሰኛና የዚያን እጥፍ እግረኛ ማሰለፍ ይችል ነበር። ቁጥሩ በወሬ የተጋነነ ሊሆን ቢችልም አገሪቱ በዘመኑ የነበራትን ዝና ያሳያል። አፄ ዓምደ ጽዮን የሐዲያውን ንጉሥ አማኖን ድል አድርገው ካስገበሩ ወዲህ ሐዲያ ለክርስቲያኑ መንግሥት ግብር የምትከፍል አገር ሆነች። ገዥዎቿ ግን «ገራድ» በሚለው ማዕረጋቸው ቀጠሉ፤ ሃይማኖታቸውም እስልምና ነበር።

ከግብሩ ጋር ሴቶች ልጆችም ይሄዱ ነበር። የኢማም አህመድን ዘመቻ የጻፈው ዐረብ ፋቂህ እንደሚተርከው፣ በ1530ዎቹ የሐዲያ ሹም ለኢማሙ ባሰማው አቤቱታ ንጉሡ በየዓመቱ አንዲት ልጃገረድ እንደሚወስድና ክርስቲያን እንደሚያደርጋት፣ ሕዝቡም ፈረስ በኮርቻ እንዳይጭንና መሣሪያ እንዳይታጠቅ ተከልክሎ እንደኖረ ተናግሯል። ይህ እሌኒ ካረፉ ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ የተነገረ ቢሆንም፣ እሳቸው ራሳቸው ወደ ቤተ መንግሥት የገቡበትን መንገድ ለመረዳት ከዚህ የተሻለ ምንጭ የለም። የሐዲያ ባላባት ልጅ የንጉሥ ሚስት ስትሆን ጋብቻው ሰላም የሚጸናበት፣ ግብርም የሚከፈልበት ውል ነበር።

በዘርዓ ያዕቆብ ቤተ መንግሥት

አፄ ዘርዓ ያዕቆብ (1434–1468) እሌኒን «ቀኝ በዓልቲሐት» ማለትም የቀኝ ንግሥት አድርገው ሾሟቸው። በዘመኑ ሥርዓት ንጉሡ የቀኝና የግራ ንግሥቶች ነበሩት፤ የቀኟ ማዕረግ ከፍ ያለ ነው። እሌኒ የሚለው የክርስትና ስም እንዲሁ በአጋጣሚ የተሰጠ አይመስልም። ዘርዓ ያዕቆብ ሲነግሡ የወሰዱት ስመ መንግሥት ቆስጠንጢኖስ ነው። የሮሙ ቆስጠንጢኖስ እናት እሌኒ ደግሞ በቤተ ክርስቲያን ትውፊት የክርስቶስን መስቀል ከተቀበረበት ያስወጡት ንግሥት ናቸው። የመስቀሉን ክፋይ በግሸን አኖሩ በሚባሉት ንጉሥ ቤት ውስጥ ይህ ስም ትልቅ ትርጉም ነበረው።

ከጋብቻው በኋላ ሐዲያ ጸጥ ብላ አልኖረችም። የገራድ መሐመድ ልጅና የእሌኒ ወንድም ገራድ ማሂኮ ግብር አልከፍልም፣ ከንጉሡም ፊት አልቀርብም ብሎ ሸፈተ። ዜና መዋዕሉ እንደሚለው ንጉሡ ነገሩ ወደ ሌሎች ግዛቶች እንዳይዛመት ሠግተው የማሂኮን አጎት ገራድ ባሞን በቦታው ሾሙ። ማሂኮም ሲሸሽ ተይዞ ተገደለ። በዚያ ወቅት እሌኒ ምን እንዳደረጉ ወይም ምን እንደተሰማቸው ጸሐፊው አንድም ቃል አላሰፈረም። ወንድማቸው በባላቸው ትእዛዝ ሲገደል እሳቸው በማዕረጋቸው መቆየታቸው ብቻ ይታወቃል።

ያን ማድረግ ቀላል አልነበረም። ዘርዓ ያዕቆብ በመጨረሻዎቹ ዓመታት በደብረ ብርሃን ተቀምጠው ሲገዙ፣ ጣዖት አመለኩ ወይም በንጉሡ ላይ አሤሩ የተባሉ ሰዎች፣ የገዛ ልጆቻቸውና ሚስቶቻቸው ሳይቀሩ ይቀጡ ነበር። የበእደ ማርያም እናት ጽዮን ሞገሳ ልጃቸውን ሊያነግሡ አሲረዋል ተብለው ተገርፈው በዚያው ሞቱ። እሌኒ ይህን ዘመን ተሻግረው ወጥተዋል።

እንደ እናት የተቆጠሩ ንግሥት

አፄ በእደ ማርያም (1468–1478) እናታቸውን በዚህ ሁኔታ ካጡ በኋላ ሲነግሡ እሌኒን በእናት ቦታ አስቀመጡ። የእሳቸው ዜና መዋዕል እሌኒን የሚያሞግስበት ክፍል በዘመኑ ስለ አንዲት ሴት ከተጻፈው ሁሉ የላቀ ነው። በጸሎትና በቁርባን የጸኑ፣ የንጉሥ ማዕድ ማሰናዳት የሚያውቁ፣ በሕግ የተማሩ፣ መጻሕፍትን ያነበቡ መሆናቸውን ይዘረዝራል። ግብር ማብላት የመንግሥት ሥራ ነበርና የማዕዱ ነገር ከሕግና ከመጻሕፍት እውቀት ጎን መቆጠሩ አያስገርምም። ለዚህ ጽሑፍ ትልቁ ነገር ግን መጻሕፍት ማወቃቸው መጠቀሱ ነው። ኋላ ላይ ደራሲ ናቸው የሚለውን ወሬ ከሚደግፉት ጥቂት የአገር ውስጥ ማስረጃዎች አንዱ ይህ ነውና።

እሌኒ የማን ሚስት ነበሩ በሚለው ላይ ጸሐፊዎች አይስማሙም። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ የበእደ ማርያም ሚስት አድርጓቸዋል፤ ብዙዎችም ያንኑ ተከትለዋል። ፖርቱጋሎች የልብነ ድንግል አያት ይሏቸው ስለነበር ይህም ለስሕተቱ መንገድ ሳይከፍት አልቀረም። የዘርዓ ያዕቆብን ዜና መዋዕል መሠረት ያደረጉት እነ ታደሰ ታምራት ግን የዘርዓ ያዕቆብ ንግሥት መሆናቸውን ይቀበላሉ፤ ይህም የተሻለ መሠረት አለው። በእደ ማርያም እንደ እናት ያዩዋቸው ነበር የሚለው ቃል ትርጉም የሚሰጠው የአባታቸው ሚስት ከነበሩ ነው።

በእደ ማርያም ሲሞቱ ልጃቸው እስክንድር ሕፃን ስለነበሩ ሥልጣኑ በዓምደ ሚካኤልና በሌሎች መኳንንት እጅ ገባ። በ1494 እስክንድር ሞቱ፤ ሕፃኑ ዳግማዊ ዓምደ ጽዮን ስድስት ወር ያህል ነግሠው እሳቸውም አረፉ፤ ከዚያ አፄ ናዖድ (1494–1508) ነገሡ። በዚህ ሁሉ መካከል እሌኒ በጎጃም ሰፊ ግዛት ነበራቸው፤ በቤተ መንግሥቱም ተሰሚነታቸው አልቀነሰም።

እንደራሴነት

ናዖድ በ1508 ሲሞቱ ልጃቸው ልብነ ድንግል የአሥራ አንድ ወይም የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበሩ። በ1520 ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እንደጻፈው፣ ልጁን ያነገሡት ጳጳሱ አቡነ ማርቆስና እሌኒ ናቸው፤ መኳንንቱ ሁሉ በእነርሱ እጅ ስለነበሩ የተቃወማቸው አልነበረም። ልብነ ድንግል አቅመ አዳም እስኪደርሱ ድረስም የአገሪቱን ጉዳይ እሌኒ መሩ።

ዘመኑ የጭንቅ ነበር። የዘይላው አሚር ማህፉዝ በየዓመቱ በዐቢይ ጾም ወቅት፣ ሰዉ በጾም በደከመበት ጊዜ፣ የምሥራቁን አውራጃዎች ይወር ነበር። በቀይ ባሕርም የግብፅ ማምሉኮች በፖርቱጋሎች ላይ መርከብ ያሰናዱ ጀመር። እሌኒ በእስላም ቤት ያደጉ ስለነበሩ ከአዳል ጋር ያለው ንግድ ለሁለቱም ወገን ያለውን ጥቅም ያውቁ ነበር። ታደሰ ታምራት በ1972 በታተመው መጽሐፋቸው እሌኒን ጦርነትን ከመሻት ይልቅ ወደ ሰላም የሚያዘነብሉ አድርገው ያቀርቧቸዋል። የማህፉዝ ወረራ ሲበረታና ከባሕሩ ማዶ የሚመጣው ኃይል ሲያሰጋ ግን ፊታቸውን ወደ ፖርቱጋል አዞሩ።

በቤተ መንግሥቱ ፖርቱጋልን የሚያውቅ ሰው ነበር። ንጉሥ ዳግማዊ ዮሐንስ በ1487 የላከው ፔሮ ዳ ኮቪልሃን በአፄ እስክንድር ዘመን ደርሶ፣ እንዳይመለስ ተከልክሎ፣ ርስትና ትዳር ተሰጥቶት ይኖር ነበር። ለእሌኒ ስለ አገሩ የነገራቸው እሱ እንደሆነ ይታመናል። መልእክተኛ ሆኖ የተላከው ግን ማቴዎስ የተባለ አርመናዊ ነጋዴ ነው። በእስላም አገሮች ወደብ ሳይጠረጠር ማለፍ የሚችል ነጋዴ መመረጡ የእሌኒን ብልሃት ያሳያል፤ ኋላ ግን ፖርቱጋሎች ራሳቸው ማቴዎስን እንዲጠራጠሩት ምክንያት ሆኗል።

የ1509ኙ ደብዳቤ

ደብዳቤው ለፖርቱጋል ንጉሥ የጦር ቃል ኪዳን ያቀርባል። የካይሮ ሱልጣን በፖርቱጋሎች ላይ መርከብ እያዘጋጀ መሆኑን ይጠቅሳል፤ ኢትዮጵያ ብዙ ሠራዊትና ስንቅ እንዳላት፣ መርከብ ግን እንደሌላት ይገልጻል፤ ሁለቱ መንግሥታት ልጆቻቸውን በጋብቻ እንዲያስተሳስሩም ሐሳብ ያቀርባል። ከደብዳቤው ጋር ከክርስቶስ መስቀል እንጨት የተሠራ ትንሽ መስቀል ተላከ። እሌኒ የምትባል ንግሥት የመስቀሉን ክፋይ ወደ አውሮፓ ስትልክ፣ የደብዳቤው አንባቢዎች ከስሙ ጋር የተያያዘውን ታሪክ አላስታወሱም ማለት ይከብዳል።

ማቴዎስ ሕንድ ደርሶ በ1512 መጨረሻ በጎዋ በአፎንሶ ዴ አልቡከርኬ ዘንድ በክብር ተቀባይነት አገኘ። ወደ ሊዝበን ባሻገሩት መርከቦች ላይ ግን የማምሉክ ሰላይ ነህ ተብሎ ተንገላታ፤ በ1514 ሊዝበን ሲደርስ ያንገላቱት ሹማምንት ታሰሩ። በ1515 ከአምባሳደሩ ከዱዋርቴ ጋልቫኦ ጋር ወደ ቀይ ባሕር ተመለሰ። ጋልቫኦ በ1517 በከማራን ደሴት ሞተ፤ ማቴዎስም ምጽዋ ሲደርስ 1520 ሆነ። ከወደቡ ወደ ደብረ ቢዘን ገዳም ወጥቶ በግንቦት ወር እዚያው አረፈ። ደብዳቤ የላኩትን ንግሥት ሳያይ አሥራ አንድ ዓመት ያህል የፈጀው ጉዞ በዚህ አበቃ።

በእነዚህ ዓመታት ነገሩ ሁሉ ተለውጦ ነበር። ልብነ ድንግል አድገው በ1516 ወይም 1517 ማህፉዝን ድል አድርገው ገደሉት፤ በ1517 ፖርቱጋሎች ዘይላን አቃጠሉ። ወጣቱ ንጉሥ ከባሕር ማዶ ረዳት የሚያስፈልጋቸው አልመሰላቸውም። በ1520 የመጣው የሮድሪጎ ዴ ሊማ መልእክት ስድስት ዓመት በአገሩ ቆይቶ ያለ ቁርጥ ውል በ1526 ተመለሰ። ከዚያ ሦስት ዓመት በኋላ በ1529 ኢማም አህመድ በሽምብራ ኩሬ ድል አደረገ። በክሪስቶቫኦ ዳ ጋማ የሚመሩ 400 ያህል ፖርቱጋሎች ምጽዋ የደረሱት በ1541 ነው፤ እሌኒ ከጠየቁ ከ32 ዓመት በኋላ።

ደብዳቤውን ማን ጻፈው?

ደብዳቤው በአውሮፓ የታወቀው በትርጉም ነው። በማኑኤል ቤተ መንግሥት ገና በልጅነቱ ያደገው ዳሚያኦ ዴ ጎይስ ማቴዎስን በዓይኑ ያየ ሰው ነው። ጎይስ የእሌኒን ደብዳቤና ማቴዎስ ስለ ኢትዮጵያ ሃይማኖት የተናገረውን በላቲን አዘጋጅቶ ለኡፕሳላው ሊቀ ጳጳስ ለዮሐንስ ማግኑስ ሰጠው። ጽሑፉ በ1532 በአንትወርፕ የታተመው ጎይስ ሳይፈቅድ ነው። በማግስቱ ዓመት የቶማስ ሞር ልጅ ጆን ሞር ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። እንዲህ አንድ የኢትዮጵያ ንግሥት ቃል ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው፣ ከአንዱ ሰው እጅ ወደ ሌላው ሲተላለፍ በየመካከሉ የተጨመረውንና የቀረውን መለየት ያስቸግራል።

በግዕዝ የተጻፉ ደብዳቤዎችም አሉ። ኢትዮጵያዊው የታሪክ ሊቅ ሥርግው ሀብለ ሥላሴ በእሌኒና በልብነ ድንግል ስም ለፖርቱጋል ንጉሥ ለዮሐንስ የተጻፉትን የግዕዝ ደብዳቤዎች በ1970ዎቹ በታተመ ጥናት አቅርበዋል። እዚህ ላይ የስሙን ነገር ልብ ማለት ያሻል፤ በ1509 ዙፋን ላይ የነበረው ማኑኤል ሲሆን፣ ኮቪልሃንን ወደ ኢትዮጵያ የላከው ግን ዳግማዊ ዮሐንስ ነበር።

ደብዳቤውን በእጃቸው የጻፉት ወይም በቋንቋው ያሰማመሩት እሌኒ ናቸው ብሎ የሚከራከር የለም። የነገሥታት ጦማር በጸሐፌ ትእዛዝ ይጻፋል፤ ማቴዎስም፣ ምናልባት ኮቪልሃንም፣ ቃል ሳይጨምሩበት አልቀሩም። ሐሳቡ የማን ነው ከተባለ ግን መልሱ ያን ያህል አያስቸግርም። በ1509 መልእክተኛ የመላክ፣ ስንቅና ጦር ቃል የመግባት ሥልጣን የነበረው የአሥራ ሁለት ዓመቱ ንጉሥ ሳይሆን ሞግዚታቸው ነው። ደብዳቤው በእሳቸው ስም መሄዱም ይህንኑ ያረጋግጣል።

ድርሰቶቻቸው

እሌኒ ደራሲ ነበሩ የሚለው መረጃ የመጣው ከኢትዮጵያ ውጭ ነው። ልብነ ድንግል ወደ ፖርቱጋል የላኩት አባ ጸጋ ዘአብ በ1527 ሊዝበን ደርሶ እዚያ ብዙ ዓመት ቆየ፤ ጎይስም በ1533 አግኝቶት ስለ ኢትዮጵያ ሃይማኖት እንዲጽፍ ጠየቀው። ጽሑፉ በ1540 በሉቫን በላቲን ታተመ፤ በፖርቱጋል ግን ወዲያው እንዳይሸጥ ተከለከለ። ንግሥት እሌኒ ሁለት መጻሕፍት መድረሳቸው የተነገረው እዚህ ላይ ነው። አንደኛው «እንዚራ ስብሐት» ይባላል፤ የሌላው ስም የፀሐይ ጨረር የሚል ትርጉም ተሰጥቶታል። ይዘታቸው ስለ እግዚአብሔር ሕግ፣ ስለ ሥላሴና ስለ ማርያም ድንግልና ነው ተብሏል።

ምስክሩ ቀላል ሰው አይደለም። ጸጋ ዘአብ እሌኒ በሕይወት ሳሉ በቤተ መንግሥቱ የኖረ መነኩሴ ነው፤ የንግሥቲቱን ሥራ ለማወቅ በወሬ ወሬ መስማት አያስፈልገውም ነበር። በሌላ በኩል ቃሉ የደረሰን በላቲን፣ የግዕዝ ስሞቹም በአውሮፓ አታሚዎች እጅ ተጣመው ነው። እንዚራ ስብሐት የሚባል የማርያም ውዳሴ ዛሬም በግዕዝ ብራናዎች ላይ ይገኛል፤ ያ ድርሰት ጸጋ ዘአብ የጠቀሰው መሆኑን ግን በስሙ ብቻ መወሰን አይቻልም። በግዕዝ ሥነ ጽሑፍ አንድ ስም ለተለያዩ ድርሰቶች መዋሉ የተለመደ ነውና።

ችግሩ በእሌኒ ብቻ የሚያበቃ አይደለም። የግዕዝ ደራሲ ብዙ ጊዜ ስሙን አይጽፍም፤ በመጽሐፉ መጨረሻ የሚሰፍረው የጸሐፊውና የአጻፊው ስም ነው። ግዕዙ «ጸሐፈ» እና «አጽሐፈ» በማለት ሁለቱን ይለያቸዋል፤ የመጀመሪያው በእጁ የጻፈ፣ ሁለተኛው ያስጻፈ ማለት ነው። ያስጻፈው ሰው ብራናውን ገዝቶ፣ ጸሐፊውን ቀልቦ፣ አንዳንዴም ሐሳቡን አስይዞ ነው። ድርሰቱን የፈጠረው ሰው ስም ግን በሁለቱ መካከል ይቀራል። የእሌኒ ባል የዘርዓ ያዕቆብ ድርሰቶችም በዚሁ ምክንያት ያከራክራሉ። መጽሐፈ ብርሃን፣ መጽሐፈ ሚላድና ጦማረ ትስብእት በንጉሡ ስም ይጠራሉ፤ ንጉሡ በቀጥታ ደረሷቸው ወይስ በዙሪያቸው የነበሩ ሊቃውንት በትእዛዛቸው አዘጋጇቸው የሚለው ግን ሲያነጋግር ኖሯል።

ስለ ዘርዓ ያዕቆብ ሲጻፍ ግን መጻሕፍቱ በስማቸው መጠራታቸው አይቋረጥም፤ ጥርጣሬው ከተነሣ በኋላም ደራሲው ንጉሥ ተብለው ይታወቃሉ። በእሌኒ ላይ ያ ቸርነት ብዙ ጊዜ አይታይም፤ ደራሲነታቸው ከስማቸው ጋር አብሮ ሲጠቀስ አልፎ አልፎ ነው። ማስረጃው ሲመዘን በሁለቱ መካከል ያን ያህል ልዩነት የለም። እሌኒ መጻሕፍት ያነበቡ መሆናቸውን የመሰከረ የአገር ውስጥ ዜና መዋዕል አለ፤ ድርሰቶቻቸውን በስም የጠቀሰ በዘመናቸው የነበረ መነኩሴ አለ። የጎደለው ጽሑፉን ከስማቸው ጋር የሚያገናኝ ብራና ነው።

መርጡለ ማርያም

እሌኒ ያሠሩት ትልቁ ሥራ በጎጃም እነብሴ የሚገኘው የመርጡለ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። ሕንፃው በተቀረጸ ድንጋይ የተሠራ ሲሆን፣ ቅርጻ ቅርጾቹ በአገሩ ዘንድ ከተለመደው የተለዩ ናቸው። በ1530ዎቹ በኢማም አህመድ ጦር ጊዜ ተቃጠለ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ኢየሱሳዊው ቄስ ብሩኖ ብሩኒ መልሶ አሠራው። ስለዚህ ዛሬ የሚታየው ፍርስራሽ የየትኛው ዘመን እንደሆነ ለመለየት ጥንቃቄ ይጠይቃል። አንዳንድ ጎብኚዎች ፍርስራሹን በሙሉ የፖርቱጋል ሥራ አድርገው የቆጠሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ዕረፍታቸው

እሌኒ ያረፉት የፖርቱጋል መልእክተኞች በአገሩ ሳሉ፣ በ1522 ነው። አልቫሬዝ የሕዝቡን ኀዘን በዝርዝር ይገልጻል። ሰዉ አባትም እናትም እንደሞተበት አድርጎ ያለቅስ ነበር፤ እሳቸው ሳሉ ሁሉም ጠባቂ እንደነበረው፣ አሁን ግን እንዳጣ ይናገር ነበር። ይኸው ጸሐፊ እሳቸው ካረፉ በኋላ ከጎጃም ግዛታቸው ወደ ንጉሡ የመጣውን ግብር ሲዘረዝር 3,000 ፈረስና 3,000 በቅሎ፣ ብዙ ልብስና ብዙ ወርቅ መኖሩን ጽፏል። የንግሥቲቱ ግዛት ምን ያህል ሀብታም እንደነበር ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምንጭ ማግኘት ያዳግታል።

ልጅ እንዳልወለዱ ይነገራል። ካሳደጓቸውና ካነገሡት ከልብነ ድንግል ጋር በመጨረሻ ዓመታት በፖርቱጋል ጉዳይ ሐሳባቸው መለያየቱ ከነገሮች አካሄድ ይታያል፤ ተጣልተው ነበር የሚያሰኝ ማስረጃ ግን የለም።

በሆሳዕና

ዛሬ የሐዲያ ዞን ዋና ከተማ ሆሳዕና ናት፤ ቀድሞ ዋቸሞ ትባል ነበር። ከ2023 ጀምሮ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫም ሆናለች። ከአዲስ አበባ ወደ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በከተማዋ ያለው ትልቁ ሆስፒታል የንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል ይባላል፤ ለዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማስተማሪያ ሆኖ ያገለግላል። ከሐዲያ ሌላ ከከምባታ፣ ከዱራሜና ከአካባቢው ወረዳዎችም ሕሙማን ይመጡበታል።

የሆስፒታሉ ስም የአባታቸውን ስም ጨምሮ መያዙ ከዜና መዋዕሎቹ ይለየዋል። ዜና መዋዕሎቹ የክርስትና ስማቸውንና ማዕረጋቸውን ነው የሚያስቀድሙት፤ ፖርቱጋሎች ደግሞ የንጉሡ አያት ይሏቸው ነበር። በሆሳዕና ግን የገራድ መሐመድ ልጅ ናቸው።